በበዓል ቀን አመድ ያልጠረጉ ሠራተኞች

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
ረቡዕ፣ የካቲት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፤

ሰላምታዬ ከደጅዎ ቆሟል፤ ግባ ካሉት ይገባል። የጉልበትዎ ሕመም በዚህ በጋ እንዴት አደረገዎ? በቅሎዋስ ከቁስሏ ዳነች? እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ በሐሳቤም ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍልዎ ግን እዋሻለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለአንባቢው አንድ ቃል አለኝ። ይህን ወረቀት የሚያነብልዎ ጎረቤታችን ሚልዮን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሚልዮን፣ የተጻፈውን ብቻ አንብብ፤ አትዝለል፣ አትጨምር። አባትህ በእኔ ላይ ከፈረዱት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸውና አላምንህም ለማለት አልደፍርም፤ አምንሃለሁ ለማለትም አልቸኩልም። እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ነገሬ እንዳይንጋደድ ግን ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ቀድጃለሁ።

አባቴ፣ ባለሁበት ቤት ተጠርጥሬአለሁ። የተጠረጠርኩት በስርቆት ወይም በስካር አይደለም፤ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ መርዘኛ አመድ ሳላስጠርግ በመቅረቴ ነው። ይህን ሲሰሙ የበረሃው ፀሐይ ራሱን አዞረው ይሉ ይሆናል። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያድምጡኝ።

ጌታዬ ኡስታዝ ጂብሪል ጠበቃ ናቸው። እኔ የቤታቸው ጋፊር ነኝ፤ በር እጠብቃለሁ፣ ሣር አጠጣለሁ፣ መኪና አጥባለሁ። ልጃቸው ሳሊህ ዩኒቨርሲቲው በአድማ ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ከአጎቱ ልጅ ከረሺድ ጋር የጦርነት ጨዋታ ይጫወታል፤ ረሺድ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ነው፤ የሚገናኙት በኢንተርኔት ነው። ጨዋታው እንደ ገበጣ በተራ ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እጁን አያነሣም። በቀን አንድ ተራ ብቻ ይጫወታሉ። ምድሩ እንደ ማር ሰፈፍ በስድስት ማዕዘን ተከፋፍሏል፤ ሁለቱም ከተማ፣ ማሳ፣ ወታደርና የቀን ሠራተኛ አላቸው።

በታኅሣሥ ወር ረሺድ በሳሊህ ምድር ላይ የኑክሌር ቦምብ ጣለ፤ ሳሊህም መለሰለት። ከተማው አልፈረሰም፤ በዙሪያው ያሉት አሥራ ሁለት ማሳዎች ግን መርዝ የያዘ አመድ ለበሱ። ያ አመድ ካልተጠረገ ማሳው እህል አይሰጥም፤ ከተማው ይራባል፤ በላዩ የቆመ ወታደር ይታመማል። የሚጠርጉት አምስት ሠራተኞች ናቸው። እነሱም በየተራው «ጥረጉ» ካልተባሉ ቆመው ይውላሉ።

ሳሊህ ቦምብ መጣል እንጂ አመድ ማስጠረግ አይወድም። አንድ ጠዋት ሣሩን ሳጠጣ በመስኮት ጠራኝ።

«ያ ዞል» አለኝ፤ ባገሩ ቋንቋ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው፤ «ና እዚህ ተቀመጥ። መጥረጊያ የለመደ እጅ አለህ።»

የትኛውን እንደምነካ አሳየኝ። «ስማቸው ማን ነው?» አልኩት።

«የማን?»

«የሠራተኞቹ።»

እስኪያስለው ሳቀ። «ስም የላቸውም! ያላ፣ አስጠርግ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየተቀመጥኩ አስጠርግ ነበር። አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። ጥቁሩ ማሳ ቀስ በቀስ ሲለመልም ያገራችንን የክረምት መውጫ ያስታውሰኛል። ጥምቀት ሲደርስ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲያዝዘኝ ኖሬአለሁ፤ በእኔ ትእዛዝ ሥር ሠራተኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በጥምቀት ቀን ጥረጉ ብላቸው ማን ይጠየቅበታል? ተዋቸው አልኩና ተራውን ብቻ አሳለፍኩ። በማግሥቱ ሚካኤል ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ። እነዚያን አራት ቀናት ቆመው ዋሉ። ከዚያም ወዲህ ቅዳሜና እሑድን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምንና በዓለ ወልድን አሳረፍኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚጠይቀኝ አልነበረምና።

በዚህ መካከል፣ ጥር 19፣ ዓርብ ቀን ረሺድ ለምሳ መጣ። በሩን ስከፍትለት የተበጠሰ ጫማዬን አይቶ ከመኪናው ደኅና ጫማ አውጥቶ ሰጠኝ። እየሳቀም «ስንት ሠራተኛ ቀራችሁ?» አለኝ። «አምስት» አልኩት። ያን ጊዜ የደግ ሰው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ያን ጥያቄ አገላብጬ አገላብጬ፣ ፊቱን ከጀርባው መለየት አቅቶኛል። ጫማውንም እስከ ዛሬ አላደረግሁትም፤ ከአልጋዬ ሥር ሆኖ እንደ ምስክር ያየኛል።

ረሺድ የራሱን ምድር ቶሎ ጠርጎ ጨረሰ፤ ባለፈው ሳምንትም ጦሩን አሻገረ። ከሳሊህ ከተሞች አንዱ በረሃብ አምጾ ነበርና ያለ ውጊያ እጁን ሰጠ፤ ጨዋታው ግን ገና አላለቀም። ማሽኑ የየቀኑን ተራ ይመዘግባል፤ ሳሊህ መዝገቡን ከፍቶ ሠራተኞቹ የቆሙባቸውን ቀናት በወረቀት ጻፈ፤ ትናንትም በአባቱ ፊት ወረቀቱን ዘረጋብኝ።

«አራት ቀን፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት! ይህ ምልክት ነው። ረሺድ በጫማ ገዝቶሃል። ጫማውን በሰጠህ ማግሥት ሁለት ቀን አልቆሙም?»

ስለ ጫማው የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቤቱ ምግብ አብሳይ አሚና፣ የወሎ ልጅ። ቀና ብዬ አየኋት።

«ምን ታየኛለህ?» አለችኝ ባገራችን ቋንቋ። «ጫማ አገኘ፣ ደስ አለኝ ብዬ ነው የተናገርኩት። አንተ ሰውዬ፣ ደስታም አይወራልህ?»

እውነቱን ነገርኳቸው፤ የበዓላት ቀን ነው አልኩ። ሳሊህ እጁን አጨበጨበ።

«በዚያው በሚካኤልህ ቀን አንተ ራስህ መኪናዬን አላጠብክም?»

«አጥቤአለሁ።»

«ሣሩንስ?»

«አጠጥቻለሁ።»

«ኸላስ! ለራሱ ያላከበረውን በዓል ለሥዕል አከበረ!»

አሚና ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። «ወይ በየነ! በኮምፒውተር ውስጥ ላለ ሠራተኛ ሚካኤልን ዘከርክለት? ጠላም ጥመቅለት እንጂ።»

ኡስታዝ ጂብሪል አልሳቁም። የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፈቱ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማው ስለሚያልቅ ለማሳደስ የወሰዱት ፓስፖርቴ እዚያ ነው። አይተውት መልሰው ዘጉት። «ሐሙስ እቤት እውላለሁ» አሉኝ። «በእኔ ፊት ተቀምጠህ ታስጠርጋለህ። ያን ጊዜ እንተያያለን።»

አባቴ፣ ሐሙስ ማለት ነገ ኪዳነ ምሕረት ነው። ቀኑን እንዲሁ ገጠማቸው ወይስ የነገራቸው አለ? ከአሚና በቀር ያገራችንን ቀን የሚያውቅ በዚህ ቤት የለም። ባላዝ፣ የረሺድ ሰው ነህ ተብዬ እባረራለሁ፤ ያለ ኢቃማ የያዘኝ ፖሊስ ምን እንደሚያደርገኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ባዝ ደግሞ፣ የዋልኩት ሁሉ ሐሰት ነበር ብዬ በራሴ ላይ መፈረሜ ነው።

እርስዎ «ታዛዥ ዕዳ የለበትም፤ ዕዳው የአዛዡ ነው» ብለው አስተምረውኛል። ይህን ቃል መቼና የት እንዳሉኝ አልረሳሁም። የመስከረም ማርያም ዕለት ነበር፤ ገብሱ ደርሷል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። በሦስተኛው ቀን በረዶ ወርዶ የሰፈሩን ጤፍ ሲያስተኛው ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው በዓል የሻረ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ማጭዱ በእጄ ነበር፤ አልካድኩም። ከሰንበቴ አስወጡኝ፤ ካለሁበት ቤት እሳት እንዳይጫር አሉ። ማጭዱን ማን እንደያዘ ጠየቁ እንጂ ሌላ አልጠየቁም። እኔም ሌላ አልተናገርኩም፤ በሳምንቱ መተማን ተሻገርኩ። እዚህ ላይ ላቁም፤ ወረቀት ጆሮ አለው።

ዓርብ፣ የካቲት 17 ቀን

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ነጋዴ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ዕቃው ስላልተጫነለት ጉዞውን ለነገ አዛወረ፤ ስለዚህ የትናንቱን ልጨምርልዎ።

ኡስታዝ ጂብሪል ወንበራቸውን ከጎኔ አደረጉ። ሳሊህ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አምስቱ ሠራተኞች አመዱ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል።

«ያላ በየነ፣ አሳየኝ» አሉ።

እጄን አነሣሁና መልሼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። «ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ኡስታዝ። እኔን ቢያዙኝ ሣሩን አጠጣለሁ፣ መኪናውን አጥባለሁ። እነዚህን ግን አላዝም።»

«ይኸው! ዛሬም ረሺድ ነው!» አለ ሳሊህ።

«አንተ ዝም በል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ልዩነቱን አስረዳኝ።»

«እኔ ታዛዥ ነኝ። ታዛዥ በበዓል ቢሠራ የሚጠየቀው ያዘዘው ነው። እነዚህን የማዘው እኔ ስለሆንኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ሥዕል ናቸው እኮ።»

«እነሱ ሥዕል ናቸው፤ ትእዛዙ ግን የእኔ ነው።»

መነጽራቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ጠበቃ ሲያስብ ያስፈራል፣ አባቴ። «በዚህ ቤት ስንት ዓመት ሆነህ?»

«አራት።»

«በነዚህ በአራቱ ዓመታት፣ በበዓላትህ ቀን ሣሬን ማን ሲያጠጣ ኖረ?»

«እኔ።»

«ማን አዘዘህ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቀል ነበር፤ ያሰብኩትም እሱን ነበር። «እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አሚና ሻይ ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቀረች። ኡስታዝ ጂብሪል መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ በልጃቸውና በሠራተኞቻቸው ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «እውነት ነው፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «ቦምቡን የጀመራችሁት አንተና ረሺድ ናችሁ። አመድህን ራስህ አስጠርግ።» ሳሊህ እያጉረመረመ እስከ ምሳ ሰዓት አስጠረገ።

ፓስፖርቴንም ከመሳቢያው አውጥተው ሰጡኝ። ኢቃማው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ታድሶ ነበር። «ያንተ ነው፤ አንተ ያዘው» አሉ። ታድሶ ሳለ ማክሰኞ መሳቢያውን ለምን ከፍተው ዘጉት? ሊያስፈሩኝ ነው ወይስ ሊሰጡኝ አስበው ተዉት? እንድሄድላቸው ይሆን በእጄ ያስያዙኝ? ለአሚና ይህን ባነሣባት ተቆጣችኝ። «ሰው ደግ ሲያደርግልህ ምነው እንደ ሐሰተኛ ብር ወደ ብርሃን ታነሣዋለህ? እጥፍ አድርገህ ኪስህ ክተተው!» አለችኝ። ምናልባት ልክ ናት። እኔ ግን ከዚያ ከአጥሩ ሥር ከተነሣሁበት ቀን ወዲህ ሰው ዝም ሲልም ሲናገርም እፈራለሁ።

እንግዲህ አባቴ፣ ፓስፖርቴ በእጄ ነው። ወደ አገሬ እንዳልገባ የሚከለክለኝ የሱዳን ሰው የለም። ኡስታዝ ጂብሪል የሌላ ሃይማኖት ሰው ናቸው፤ እኔም የሥጋ ዘመዳቸው አይደለሁም። የተናገሯት «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። እንደዚያች ያለች ቃል በእኛም ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ብትነገር፣ ፋሲካን ከእርስዎ ጋር እፈስካለሁ። ማን ይናገራት አልልም። ካልተነገረች ግን እዚሁ ሆኜ በዓሉን አከብራለሁ፤ በእርስዎም አልቀየምም።

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። ጉልበትዎን እስከ ደብሩ ደጃፍ የሚያደርስ ብርታት ይስጥልኝ። ማሳዎን በረዶ አይየው፤ ቤትዎ የሚጫር እሳት አይጣ።

ታዛዥ ልጅዎ፣
በየነ