የወንድሜን መስቀል በሺህ አምስት መቶ ዓመት ላስረጀው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ፦ በደቡብ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ጥንታዊት የወደብ ከተማ ከየብስም ከባሕርም የሚወጡ ቅርሶችን ለሚጠብቀው ጽሕፈት ቤት፣ ለክቡር ዋና ኃላፊ

ሮም፣ ኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ እንደ አገሬ አቆጣጠር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየቀኑ ባሕር የሚወርዱት ጠላቂዎችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ለጠላቂዎቹ በተለይ እጸልያለሁ፤ ከዚያ ባሕር ገብቶ መውጣት ለሁሉ ሰው የሚሰጥ ጸጋ እንዳልሆነ አውቃለሁና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስሜ የሻረግ ይባላል። ሮም ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ እንጀራዬ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በየቤታቸው መጦር ነው። አሁን የምጦራቸው ሲኞራ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ሲሆን፣ የትናንቱን ቢረሱም የጥንቱን አጥብቀው ስለሚወዱ፣ ባለፈው ወር በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ እዚህ ሮም ወደ ከፈታችሁት ኤግዚቢሽን ወሰድኳቸው።

ኤግዚቢሽኑ፣ ሳላጋንን፣ ግሩም ነው። ከየብስ የወጣውን፣ ማለትም የእህል ጎተራውንና የመቃብር ሥፍራውን በአንደኛው አዳራሽ፣ ከባሕር የወጣውን የወይን እንስራና የመርከብ መልሕቅ በሁለተኛው አዳራሽ አስቀምጣችኋል። አንዱ እንስራ አርባ ሰባት ቦታ ተሰባብሮ ኖሮ ስብርባሪው ከባሕር ወለል አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ተገጣጥሞ ቆሟል። ለሸክላ እንዲህ ያለ ርኅራኄ አይቼ አላውቅም።

ከእንስራው አጠገብ ባለው መስታወት ውስጥ አንዲት የነሐስ የአንገት መስቀል አለች። ከጀርባዋ በግእዝ «ዕቀቦ ለገብርከ ኃይለ ጊዮርጊስ» የሚል ተቀርጾባታል፤ አገልጋይህን ኃይለ ጊዮርጊስን ጠብቀው ማለት ነው። ከሥሯ ያለው ጽሑፍ፣ መስቀሏ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም መጥቶ በዚያ ወደብ ይነግድ የነበረ ኃይለ ጊዮርጊስ የተባለ ባለጸጋ ንብረት እንደነበረች ያስረዳል። ሲኞራ «እንዴት ያምራል!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ የወንበራቸውን እጀታ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ አስጎብኚዋ ስለ መስቀሏ ታስረዳኝ ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ይሉ የለ?

ክቡርነትዎ፣ መስቀሏ የወንድሜ የሸዋንግዛው ናት። ሸዋንግዛው ከአምስት ዓመት በፊት ከሊቢያ ተነሥቶ ወደ እኔ ሲመጣ ጀልባዋ ከዚያች ከተማ ፊት ለፊት ሰጥማ ባሕር ላይ ቀርቷል። ኃይለ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

፩ኛ. የመስቀሏ አንድ ክንፍ መጣመሙን ሊቃውንታችሁ አስተውለው፣ «ምናልባት ከአንድ ያልታወቀ የአምልኮ ሥርዓት ጋር የተያያዘ» ብለው መጻፋቸው በጣም አስደስቶኛል። ሥርዓቱን እኔ አውቀዋለሁ። ሸዋንግዛው በአሥራ ሁለት ዓመቱ መክፈቻ አጥቶ የሚሪንዳ ጠርሙስ በመስቀሏ ከፈተ፤ እናታችንም በነጠላ ጫፍ እየገረፈች ግቢውን ሦስት ጊዜ አዞረችው። በዚያ አምልኮ ላይ ተገኝቼ ሆዴን ይዤ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

፪ኛ. መስቀሏ ስትገኝ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ተጠምጥሞባት እንደነበረ፣ ገመዱም «ዘመናዊ የባሕር ብክለት» ስለሆነ ተቆርጦ እንደተጣለ በትንንሽ ፊደል ጽፋችኋል። ስለ ንጽሕናችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያች ጀልባ የተረፈችው፣ እዚህ ሮም ፖንቴ ማሞሎ በሚባለው ሰፈር ከነበሩት የላስቲክ ጎጆዎች እስኪፈርሱ ድረስ በአንዱ ትኖር የነበረች ለተንሳኤ የምትባል የአገሬ ልጅ፣ ሸዋንግዛው ጥቁሩ ማተቡ በረሃ ላይ ስለተበጠሰበት ከጀሪካን እጀታ የፈታውን ናይለን ገምዶ እንዳሰረው፣ ሲያስርም አጠገቡ እንደነበረች ነግራኛለች። በእኛ ዘንድ ማተብ የሌለው ሰው አይታመንም። ወንድሜ በበረሃ መካከል ያላጣትን ማተብ፣ ክቡር ሆይ፣ እናንተ በመቀስ ቆረጣችሁለት።

፫ኛ. በየብሱ ቁፋሮ ያገኛችሁትን አንድ አጽም ጥርሱን መርምራችሁ የት እንደተወለደና በልጅነቱ የየትኛውን ምንጭ ውኃ እንደጠጣ ደርሳችሁበታል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ከዚያ ቁፋሮ እስከ ከተማዋ መካነ መቃብር ድረስ የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ እንደሆነ፣ እዚያም ባሕሩ የተፋቸው ሰዎች በስም ፋንታ ቁጥር ተለጥፎባቸው እንደተኙ ለተንሳኤ ሄዳ አይታለች። እነሱም ጥርስ አላቸው። ከእነሱ ጋር እንዲመሳከር ምራቄን ለምርመራ ከሰጠሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ጉዳዩ የሌላ ክፍል መሆኑን ስለማውቅ እርስዎን አላስቸግርም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የወንድሜ ስም ግን መቃብር ሳይኖረው በመስታወት ውስጥ ይውላል።

፬ኛ. እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ማፌዙ ይከብደኛል።

በእኛ ሥርዓት ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛውን ወላጅ ያወጣለታል፤ ትምህርት ቤትም ፓስፖርትም የሚያውቁት እሱን ነው። ሁለተኛውን ካህን በክርስትናው ዕለት ይሰጠዋል፤ ለጸሎትና ለፍትሐት ይጠራል እንጂ ለመንገደኛ አይነገርም። ወንድሜ የጠፋ ጊዜ ላመለክት የጠፉ ሰዎችን ወደሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሳለሁ፣ ጸሐፊው ሌላ የሚጠራበት ስም እንዳለው ጠየቀኝ። እኔም ወንድሜን ስም እየቀያየረ የሚያጭበረብር ሰው ያደረገብኝ መሰለኝና ተቆጣሁ። ደረቴን ነፍቼ፣ የጨዋ ልጅ ነው፣ ስሙም አንድና አንድ ነው አልኩ። ፈረምኩም።

አሁን የልጅነት ፎቶግራፉን፣ ያቺን መስቀል በአንገቱ አድርጎ የተነሣውን፣ ይዤ ወደ እናንተ ብመጣ፣ ትሑቱ ሠራተኛችሁ ያንን የፈረምኩትን ወረቀት ከዚያ ጽሕፈት ቤት አስፈልጎ አስገኘና ፊርማዬን አሳየኝ። «እንግዲህ፣ እመቤቴ፣ ሌላ ስም የለውም ብለዋል፤ ስለዚህ ኃይለ ጊዮርጊስ የእርስዎ ወንድም አይደለም» አለኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸው ነው። በገዛ አፌ ወንድሜን ካድኩት። ይህንን ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፤ እሳቸው ፈቱኝ፣ እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም።

ከዚህ በኋላ በደብዳቤ የሰጣችሁኝ መልስ በጥበቡ ወደር የለውም። ጽሕፈት ቤታችሁ ከመቶ ዓመት በታች የሆነን ነገር እንደማይመለከት ገልጻችሁልኛል። እንግዲህ መስቀሏ አዲስ ከሆነች እናንተን አትመለከትም፤ እናንተን ካልተመለከተች ደግሞ የምትመልሱልኝ ነገር የለም። አሮጌ ከሆነች ግን የመንግሥት ናት። ሸዋንግዛው የሞተው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ስለሆነ፣ ለእናንተ ርኅራኄ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ጥቂት መቶ ዓመት ታግሼ ብመለስ፣ እንደ እንስራው ትለቅሙት ይሆናል።

መታገሡ አይገደኝም ነበር፤ የቸኮልኩት ለእናቴ ነው። እናቴ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። አስከሬን ወይም ምልክት ሳላይ አላለቅስም፣ በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው ብላ፣ ፍትሐት እንዳይደረግለት፣ ተዝካሩም እንዳይወጣ ከልክላለች። የጎረቤት ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ሴት ለራሷ ልጅ አንዲት እንባ ሳታወጣ አምስት ዓመት ሞላት። ስደውልላት ዛሬም ደረሰ ወይ ትለኛለች። እኔም እናቴ ሳታለቅስ ትሞትብኛለች ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ መስቀሏን ሰጥታችሁኝ እናቴ እጇ ላይ እንዳስቀምጥላት እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ከመስታወቱ ሥር ያለውን «ነጋዴ» የሚለውን ቃል ፍቃችሁ፣ «ሸዋንግዛው፣ የክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ወደ እኅቱ ሲመጣ የሞተ» ብላችሁ ጻፉለት። ሀብቱንና ንግዱን መልሳችሁ ውሰዱ፤ ቅር አይለውም።

በየብስም በባሕርም ላይ ለተዘረጋው ሥልጣንዎ እጅ እየነሣሁ፣ ከነሐስ የተረፈች ጥቂት ሐዘኔታ ብትገኝ ለሥጋ ለለበሰም እንዲያካፍሉ በትሕትና የምማጸን፣

አክባሪዎ
የሻረግ
የአክሱሙ ባለጸጋ ነጋዴ ታላቅ እኅት፤ ዕድሜዬ በእኔ ቆጠራ ሃምሳ ሦስት፣ በእናንተ ቆጠራ ሺህ አምስት መቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩ ላይ ከለጠፋችሁት ማስታወቂያ፣ ኤግዚቢሽኑ በመጪው ዓመት ለሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት ሲባል አዲስ አበባ እንደሚሄድ አነበብኩ። በሕይወቱ ሳለ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክሎ አውሮፕላን ያልተሳፈረ ሰው፣ አሁን በጥጥ ተጠቅልሎ፣ አጃቢ ተመድቦለት ሊበር ነው፤ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። እኔም ፈቃድ ወስጄ እናቴን ከደብረ ብርሃን አመጣታለሁ። ምልክቷን ታያለች፣ መስታወቱንም ትስማለች። ከዚያ በኋላ የአምስት ዓመቱ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ፣ አዳራሽ ውስጥ መጮኽ ክልክል ነው ብለው ዝም እንዳያሰኟት ለጠባቂዎቹ አስቀድመው ይንገሩልኝ።