ሜዳ ላይ የታጠፈው መንገድ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን፤ ከሙቀቱና ከልጄ ምላስ በቀር የሚያስቸግረን የለም።

«ማዕድን አውጪዎቹ የድሮ ካርታ ይዘዋል፤ ካርታው ላይ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ሰው አልኖረበትም ይላሉ፤ በቃ የመሬቱን ክርክር ተዪው» ብለህ የላክብኝ ጊዜ፣ እስቲ ጉዱን በዓይኔ ልየው ብዬ ካርታ ቤት ሄድኩልህ። ሠራተኛው ጨዋ ሰው ነው፤ አልጋ የሚያክል ወረቀት ዘርግቶ አስረዳኝ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው አለኝ። ተራራችንን ወዲያው አወቅሁት። ከሥሩ ያለው የጎሳችን ሜዳ ግን ባዶ ነጭ ነው፤ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ የለበትም። 

ከዚያ የእግር መንገዱን በጣቴ ተከተልኩት። ከተራራው ቀጥ ብሎ ይመጣና ጉድጓዳችን ጋ ሊደርስ ሲል እጥፍ ይላል፤ ዞሮ ዞሮ ከወዲያ ማዶ እንደገና ይቃናል። ሰውየው፣ ገደል በሌለበት ምን አጠፈው ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ ካርታውን ሊሠሩ የመጡትን ቀያሾች ማን እንደመራቸው ታውቃለህ። አባባ «እንግዳ ውሃ ይጠጣል እንጂ ጉድጓድ አያይም» ይል አልነበር? ከኮዳው እያጠጣ በጠራራው አዙሯቸዋል። እሱ የሸሸገው ውሃ ነው ዛሬ እኛን የሌለን ያደረገን።

እንግዲህ እኔ ልገልጠው ነው። የመሬት ቢሮ ሰዎች ማክሰኞ ሜዳውን ሊያዩ ሲመጡ፣ ፊታቸው ቀድቼ አጠጣቸዋለሁ። የባዶ መሬት ውሃ እንዴት እንደሚጣፍጥ ይንገሩኝ። አባባ በሰማይ ቤት ቢቆጣ፣ እዚያው ስንገናኝ እንጨርሰዋለን።

ከካርታ ቤቱ ስወጣ የማዕድን ኩባንያው ሰው በር ላይ አገኘኝና፣ ምን አደከመሽ፣ የራሳችሁ ሰው ውሃ የለም ብሎ ፈርሞልናል አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር።

የጉድጓዱን አፍ የምናውቅ ከአባባ ወዲህ አንተና እኔ ብቻ ቀርተናል። መክደኛው ድንጋይ ከባድ ነው፤ በአንድ ወገን ያዝልኝ። ባትመጣም በብረት ፈንቅዬ አነሳዋለሁ። አዲስ መኪና ገዛ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። እሱን ይዘህ ና። ሜዳው ላይ ስትደርስ ግን እንዳትታጠፍ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ። ከልጆችህ ጋር ውሃና ጥላ አይጉደልባችሁ።

ገመዱን አብራህ የጎተተች ታናሽ እህትህ