የአክሱምን መውደቅ ማን ይናገር?

ሐሙስ፣ ግንቦት 27 ቀን 1973

አይሆንም አለች። «መውደቁን አንቺ ተናገሪ። እኔ የምወስደው መነሳቱን ነው።» ለተብርሃን እንዲህ ናት፤ ጥሩ ጥሩው ለራሷ። እኔም ከሷ አልሻልም፣ መነሳቱን በልቤ ለራሴ ይዤው ነበር።

የዛሬ ሳምንት የቴርሳ ሜዲያ፣ የጣሊያኖቹ ስምንተኛ ክፍል፣ የቃል ፈተና አለብን። ብርዱን ሁሉ ከሥራ በኋላ በማታው ትምህርት፣ በኮርሶው፣ የተንገላታነው ለዚህች ወረቀት ነው። ያለ እሷ የሆስፒታል ረዳትነት ትምህርት አይገባም፤ ያለዚያ ትምህርት ደግሞ ከሰው ቤት ሥራ አይወጣም። ኮርሶው ባለፈው ሳምንት አለቀ። አስተማሪያችን ማርቸላ ሁለት ሁለት አድርጋ መድባናለች። ርዕሱ «የመካከለኛው ዘመን ታላላቅ መንግሥታት፣ እንዴት ተነሱ፣ እንዴት ወደቁ» የሚል ነው። የካላብሪያው ግንበኛና ጓደኛው የንጉሡን የካርሎ ማኞን መንግሥት ወሰዱ። የኬፕ ቬርዴዎቹ ሴቶች ማሊን ወሰዱ። እኔና ለተብርሃን አክሱም አልን። ማርቸላ «አክሱም እኮ ከዚያ በፊት ነው» ብላ ልትከለክለን ስትል ለተብርሃን ቀበል አድርጋ «ሲነሳ አዎ፤ ሲወድቅ ግን መካከለኛው ዘመን ነበር» አለቻት። ማርቸላ ሳቀች፣ ፈቀደች።

እንግዲህ ማርኩ ያለው መውደቁ ላይ ነው። መውደቁን የሚፈልግ ደግሞ ከሁለታችንም የለም።

ዛሬ ዕርገት ነው። በዓሉን እዚህ ሮም፣ ከቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ጀርባ ባለችው ክፍላችን ስንጨቃጨቅ አከበርነው። ለእረፍት ቀናችን፣ ለሐሙስና ለእሁድ ብለን በጋራ የምንከራያት ክፍል ናት፤ ሌላውን ቀን እያንዳንዳችን እምንሠራበት ቤት ነው የምናድረው። እኔ የጉለሌ ልጅ፣ እሷ የምጽዋ። ስንከራያት የተስማማነው ሁለት ነገር ነው፦ ፖለቲካ አይገባም፣ ጫማ አይገባም። ጫማው ላይ አንዳንዴ እንሳሳታለን።


ዓርብ፣ ግንቦት 28

አሠሪዬ ሲኞራ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ለበጋው ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ኦስቲያ እንደምንወርድ ነገሩኝ። ከፈተናው በኋላ ነው፣ ተመስገን። ግን እስከ መስከረም ለተብርሃንን አላያትም ማለት ነው። ያቺ አፈኛ ትናፍቀኛለች።

ልብስ ስተኩስ ስለ አክሱም የማውቀውን ቆጠርኩ። የዝሆን ጥርስ። ወርቅ። የራሱ ሳንቲም። ዒዛና። ጽዮን። ከዚያ ቆምኩ። ደግሞ አክሱምን አይቼው አላውቅም! እኔ ያየሁት አክሱም ሮም ያለው ሐውልት ነው፣ እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት፣ ሰው እየገፋኝ። ይህን ለፈታኞቹ አልናገርም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 29

ድል! ካርታው አለቀ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ፣ ከካርቶሌሪያው፣ ትልቅ ነጭ ካርቶንና የቀለም እርሳስ ገዝቼ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ስሠራ አመሸሁ። ደጋውን አረንጓዴ፣ ቆላውን ቢጫ፣ የባሕሩን ዳር ቀይ አደረግኩት፤ የቀይ ባሕር ዳር ነዋ። ሲኞራ ሊያዩ መጥተው «ቤላ!» አሉ። እሳቸው ደግሞ በቀላሉ የሚያደንቁ ሴት አይደሉም፤ ወጤን ያመሰገኑት አንድ ቀን ነው፣ እሱንም ታመው።

ነገ ለተብርሃን ስታየው ትቀናለች።


እሁድ፣ ግንቦት 30

ክፉ ቀን። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ለራሴ አደላለሁ።

ካርታውን ጠቅልዬ ገባሁ። ለተብርሃን ስፓጌቲ በበርበሬ እየሠራች ነበር። አልጋ ላይ ዘረጋሁላት። እጇን ጠራርጋ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ የየትኛው ዘመን ካርታ ነው?»

«የአክሱም ነዋ።»

«አክሱም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራ ነበራት?»

ክው አልኩ። እውነት እውነቱን፣ እርሳሱን ሳነሳ ባንዲራ ትዝ አላለኝም። ደጋ አረንጓዴ ነው፣ ቆላ ቢጫ ነው፣ ሌላ ምን ላድርገው? ይህን ብላት ያልቅ ነበር። እኔ ግን ስነካ እሳት ነኝ። «ማማረጥ ከፈለግሽ አንቺ ትሠሪው ነበር!» አልኳት።

«እናንተ ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ» አለች።

እናንተ። አብረን ስንኖር ከአፏ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም። አንቺ ነበርኩ፣ ሲከፋት ደግሞ «አንቺ ሴትዮ»። እናንተ ማን ነን? አልኳት። ነገረችኝ። «ወንድምሽ ጠመንጃ ይዞ የቆመው እኔ ፊደል በቆጠርኩበት ከተማ ነው» አለች። እውነት ነው፣ ወንድሜ ወታደር ነው፣ ምጽዋ ነው ያለው። የሷ ወንድም ደግሞ ሜዳ ነው፣ ከተዋጊዎቹ ጋር። ሁለታችንም ስናውቅ ኖረናል፣ ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም። እኔም አላረፍኩ፦ «ያንቺስ ሜዳ የወጣው አበባ ሊለቅም ነው? አንድ ቀን የኔን ወንድም…» አልጨረስኩትም። ባልጨርሰውም ተሰምቷል።

ነጠላዋንና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ራስ ሲመለጥና ነገር ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። ስፓጌቲው ተጣበቀ። ብቻዬን በላሁት። ስናደድ ብዙ እበላለሁ።


ሰኞ፣ ሰኔ 1

የሲኞራን ልጅ ሸሚዝ አቃጠልኩ። አንገትጌው ላይ ነው፣ ያውም ነጩን።

ብቻዬን ብናገርስ? መነሳቱንም መውደቁንም። ማን ይከለክለኛል? ማርቸላ ትከለክላለች። «ሁለት ሆናችሁ ካልመጣችሁ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ» ብላናለች፣ ስታስፈራራን መስሎን ሳቅንባት።

ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ካልመጣች ቅዳሜ ኦስቲያ ነኝ፣ እሷም እዚህ፣ እስከ መስከረም ቂሙ ሥር ይሰዳል። ለወረቀቱ ይሁን ለሷ የማዝነው፣ ዛሬ አልለየሁትም።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ለየሁት። ለሷ ነው።

ዛሬ ማርቸላ ካዋሰችን መጽሐፍ መውደቁን አነበብኩ። እስካሁን እያለፍኩት ነበር። መውደቅ ስል እሳት፣ ጦር፣ አንድ የተረገመ ቀን ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ቀኑ የለም! የባሕሩ ንግድ ወደ ሌላ እጅ ዞረ። ወደ አክሱም ወደብ፣ ወደ አዱሊስ የሚመጣው መርከብ አነሰ፣ ከዚያ ቀረ። ዛፉ ተቆረጠ፣ መሬቱ ደከመ። ሳንቲም መምታት ተተወ። መጽሐፉ ራሱ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ያበዛል። አንዱ ነጋዴ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ በማግስቱ አልከፈተም እንጂ መንግሥት እየወደቀ መሆኑን ማን ነገረው?

ሰዎቹስ? ብዬ ፈለግኩ። ሰዎቹ አልወደቁም። ጓዛቸውን ጭነው ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ሌላ ቦታ አረሱ፣ ሌላ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ወለዱ። የቀሩትም እዚያው ኖሩ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ምድጃው ላይ ያለው መረቅ ገነፈለ፣ እሱን እየጠረግኩም ደስ ብሎኛል።

ወሰንኩ። መውደቁን እኔ እወስዳለሁ። መነሳቱ የለተብርሃን ይሁን። ወደቡ የሷ ሰፈር ነው፣ ባሕሩን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ ባሕር ያየሁት ኦስቲያ ነው።

ካርታውንም በአዲስ ካርቶን ደገምኩት። ሁሉንም በአንድ ቡናማ እርሳስ፣ አፈር አስመስዬ። ድንበር አላሰመርኩም። አዱሊስ፣ አክሱም፣ ነጠብጣብ ብቻ። አያምርም። ይሁን።


ረቡዕ፣ ሰኔ 3

የሲኞራ ስልክ መደወያው ላይ ቁልፍ አለው። ስለምኖርበት ቤት ማወቅ የሚፈልግ ይህ ይበቃዋል። ዛሬ ለመንኳቸው፣ ከፈቱልኝ፣ አጠገቤም ቆሙ። ለተብርሃን ከምትሠራበት ቤት አሠሪዋ አነሱ። ውሻውን ይዛ ወጥታለች አሉኝ። «ነገ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደምጠብቃት ይንገሩልኝ፣ እባክዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ይቅርታ በሰው አፍ አይላክም።

አልደወለችም። ምናልባት አልነገሯት ይሆናል። ምናልባት ነግረዋታል።

መውደቁን ለመስታወቱ ተናገርኩት። በጣሊያንኛ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ በአማርኛም አንድ ጊዜ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 4

መጣች!

ካርታዬን ብብቴ ሥር አድርጌ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከማዶ ስትሻገር አየኋት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ። ሰላም ተባባልን፣ ጉንጫችንን ሳንነካካ። ካርታውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። ቡናማውን አየችና «የላም ቆዳ ይመስላል» አለች። ስድብ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በሩ። «ግቢ» አልኳት። «አይ፣ አንቺ ግቢ።» «በሞቴ!» «ኧረ በኔ ሞት!» ግንበኛው ከኋላችን የካርሎ ማኞውን ካርታ ተሸክሞ «አሎራ! ሴቶች፣ መንግሥቴ ከበደኝ!» አለ። ተጋፍተን አብረን ገባን።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፣ መካከል ላይ አንድ ሽማግሌ ፕሬዚዳንት። ማርቸላ ከጥግ ጥቅሻ ሰጠችን። «መነሳቱን ማን ይጀምርልናል?» አሉ ሽማግሌው።

«እሷ» አልኩ።

«እሷ» አለች።

ተያየን። ለተብርሃን በአማርኛ ወደ ጆሮዬ «እኔ ያጠናሁት መውደቁን ነው፣ መነሳቱን ላንቺ ትቼልሽ» አለችኝ። እኔም ያው! ሁለታችንም መንግሥቱን አፍርሰን መጥተናል፣ ያቆመው የለም። ይሉኝታ ስንት ጉድ ይሠራል! ሳቄ መጣ፣ የሷም መጣ፣ ፈታኞቹ ፊት ትከሻችን ተንቀጠቀጠ። ማርቸላ ደም መሰለች።

መጀመሪያ ራሷን የያዘችው ለተብርሃን ናት። ወደ አዱሊስ ጠጋ ብላ ነጠብጣቧ ላይ ጣቷን አደረገች። ተማሪ ሳለች በሽርሽር ሄደው እንዳዩት ነገረቻቸው፦ ሙቀቱን፣ ድንጋዩን፣ ድንጋዩ ላይ የሚወጡትን ፍየሎች፣ ባሕሩ ከከተማዋ ፈቀቅ ማለቱን። ከዚያ መርከቦቹን አመጣቻቸው። እኔ ከደጋው ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን ጭኜ ወረድኩላት። እሷ ስትረሳ እኔ፣ እኔ ስሳሳት እሷ። ዒዛናን ለሁለት አነገሥነው። መውደቁ ላይ ስንደርስማ ማን ይያዘን፣ ሁለት ሰው ያጠናው ነው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ካርታውን አዩና ጠየቁ። «በጣም ጥሩ። ለመሆኑ ይህ አክሱም ዛሬ የማን ነው? የትኛዋ አገር ናት ወራሹ?»

ክፉ ልብ አልነበራቸውም። ለእኔ ግን እሁድ በሙሉ ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ለተብርሃንን ለማየት ፈራሁ።

«ሲኞሬ» አለች ለተብርሃን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ የመካከለኛው ዘመን ጥያቄ አይደለም።»

ሽማግሌው ሳቁ። አጎንብሰው የሆነ ነገር ጻፉ። ውጤቱ ማክሰኞ ይለጠፋል። ኦስቲያ ስለምሆን እሷ አይታ ትደውልልኛለች፤ ሲኞራ ለሚመጣ ስልክ ቁልፍ የላቸውም።

ከዚያ ክፍላችን ሄድን። ስፓጌቲ ሠራች፣ እኔ ሰላጣውን አጠብኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ጨው አቀብዪኝ» እያለች አቋረጠችኝ፣ ሁለት ጊዜ። ተውኩት። በልተን፣ ሳህኑን እያደራረቀች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«የወንድምሽ የክርስትና ስሙ ማነው?» አለች።

ለጸሎት ካልሆነ ይህን ስም የሚጠይቅ የለም። ነገርኳት። ደገመችው፣ እንዳይጠፋባት። እኔም የሷን ወንድም ስም ጠየቅኳት።