ቆዳው እስኪደርቅ

ጌትዬ፣

ከተለያየን ትናንት ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን አምባ ጊዮርጊስ አባትህ ቤት አውጥተን ዛሬ ከሰዓት ጎንደር ገባሁ። ጓዜን ሳልፈታ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳልለውጥ ይህን ደብተር ሳብኩ። ታውቀዋለህ፤ ዝናቡን፣ መንገዱንና የቆዳውን ሁኔታ በየቀኑ የምጽፍበት ነው። አንተ «የሺ የእግዜርን ሥራ ትቆጣጠራለች» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ ላንተ የምጽፍበት ምክንያት ትናንት ዳሱ ውስጥ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩት ነገር ስላለ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ እኔን አልፏል። ስትቆጣ እንዳንተ ዝም ትልና እቃ ማስተካከል ትጀምራለች። አይሱዙህን ማክሰኝት ለሚኖር እህል ነጋዴ ሸጥኩት፤ ቆዳ ልገዛ ስወርድ ገበያው ዳር ቆሞ አየዋለሁ። መስታወቱ ላይ የለጠፍካትን የማርያም ሥዕል አላነሳትም፤ ስለዚህ ሰውየውን አልጠላሁትም። የመጋዘኑን ጣሪያ በክረምቱ መግቢያ አስቀየርኩ። ያ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ አንድ ቆዳ አልተበላሸብኝም። ይህን የምነግርህ ልመካብህ አይደለም። ምንም ቢሆን ሥራዬን እንደማልረሳ አንተ ታውቃለህ፤ ያጠፋሁትም በዚሁ ነው።

አድነህ የጣልከው አጋዘንም ቤት ገብቷል። አሁን ከፊት ለፊቴ፣ ከነሳጥኑ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል።

ነገሩ ከየት እንደተነሳ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ዓመት ለፋሲካ አምባ ጊዮርጊስ ሄደን፣ አባትህ አያ ታከለ በጉብዝናቸው መተማ በረሃ ወርደው ከጣሉት ጎሽ ቀንድ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ድንገት ወዳንተ እያመለከቱ «የኔ ልጅ ደግሞ ሚስቱ ቆዳ ትገዛለች፣ እሱ ይጭናል። እነሱ ቤት የሞተ እንጂ የተገደለ ገብቶ አያውቅም» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንተም ሳቅህ። እኔ ግን አጠገብህ ስለነበርኩ እጅህ ጉልበትህ ላይ ሲጨበጥ አይቻለሁ።

ከዚያ መላኩ ደወለ። ውትድርና አብሮህ የነበረው፣ ጂንካ አግብቶ የቀረው፣ ለአዳኞች ዱካ የሚመራው መላኩ። በፈቃድ አንድ አጋዘን መምታት እንደምትችል ነገረህ። እኔ አልከለከልኩህም። ሰው አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ከገባ እስኪያገኘው ድረስ ሥራ እንደማይሠራ በንግዱ ለምጄዋለሁ። ይልቅ ስንቅህን አሰናዳሁ። መጋዘን ከምንጠቀምበት ጨው ለየሁልህ፣ ሁለት ንጹሕ ጆንያ አጠፍኩልህ፣ መፋቂያውን ቢላዋ አስልቼ በጨርቅ ጠቀለልኩልህ። በማዳበሪያ ከረጢት እንዳትጠቀልለው፣ ያልበዋል አልኩህ። ለጆሮው፣ ለከንፈሩ፣ ለዓይኑ ዙሪያ የሚሆነውን ሁሉ አስጠናሁህ። ደጋ ተወልጄ ደጋ ያደግሁ ሴት፣ ባሌን ቆላ ስሰድ፣ አጎበር አላሰብኩም።

ሰኞ ስትደውል ድምፅህ እንደ ልጅ ነበር። «የሽዬ፣ ጣልኩት! በአንድ ጥይት!» ለአባትህ ነገርካቸው ወይ ስልህ «ቀድሜ ላንቺ ነው» አልከኝ። ይህቺን ቃል ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ እንዳለ ማተብ ይዣት ስዞር ነበር። እኔ ግን ወዲያው ወደ ሥራው ገባሁ። ሥጋውን ከቆዳው ጥርግ አድርገህ ፋቅ፣ ጨው አብላው፣ በማግስቱ ውሃውን አራግፈህ ድገመው፣ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ጥላ ይሁን። አንተ «እሺ፣ እሺ» ትላለህ፤ መላኩ ከበስተኋላ ይስቃል።

ረቡዕ እንደገና ደወልክ። «የሽዬ፣ ሰውነቴን ይቆራርጠኛል። ነገ ልነሳ መሰለኝ» አልክ።

እኔ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ። «ቆዳውስ?» አልኩህ።

ገና እርጥብ ነው አልክ። እርጥብ ቆዳ ይዘህ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን በመኪና እንዳትሞክረው፣ ፀጉሩ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል አልኩህ። ኪኒን ዋጥ ዋጥ አድርግና ተኛ፣ ቅዳሜ ትነሳለህ አልኩህ። አንተም ሳቅህና «እንግዲያ እኔም አብሬው እደርቃለኋ!» አልክ። ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። ከወገራ ቆዳ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር።

የዚያን ረቡዕ ገጽ አሁን ገልጬ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «ጌታቸው ደወለ። ቆዳው አልደረቀም። ጨው እንዲደግም፣ ከጥላ እንዳያወጣው ነግሬዋለሁ። ፀጉሩ እስካሁን ጠንካራ ነው ብሏል። ቅዳሜ ይነሳል። ትንሽ አሞታል።»

ከዚያ ሁሉ ውስጥ ላንተ ሕመም የደረሱት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ናቸው።

ዓርብ መላኩ ደውሎ መቃዠት ጀምሯል፣ ጤና ጣቢያ አስገብቼዋለሁ አለኝ። ቅዳሜ ሞትክ። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነበር አሉ። መላኩን ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። መላኩ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ እኔ ግን እንዴት እንደማስለፈልፍ ታውቃለህ። «ረቡዕ ቢመጣ ኖሮ» ብሎታል።

ሁለት ቀን ነድተው አመጡህ። አንተ ከውስጥ፣ ቆዳውና ቀንዱ ከጣሪያው ላይ ታስረው። አባትህ ደጃፍ ስትደርሱ ሰው ሁሉ እየጮኸ ወዳንተ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ግን ጌትዬ፣ ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ጆንያውን አውርደው አጠገቤ ሲጥሉት እጄ ወደሱ ሄደ። አፉን ፈትቼ በሁለት ጣቴ ፀጉሩን ሳብ አደረግኩት። አልለቀቀም። በደንብ ደርቋል። ከዚያ ነው ደረቴን መምታት የጀመርኩት። ያየኝ ሰው የለም።

አርባህ ካለፈ በኋላ ቆዳውንና ቀንዱን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። አባትህ ናቸው «ለሙት ዓመቱ ከነግርማው ዳሱ ውስጥ መቆም አለበት፣ የገዳይ ለቅሶ ባዶውን አይሆንም» ያሉት። እንስሳ የሚያደርቀው ባለሙያ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ እጁ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ሽማግሌ ነው። ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ገለበጠው፣ ከንፈሩን በጣቱ ከፍቶ አየ፣ ጆሮውን ወደ ብርሃን አነሳ። «ማነው ይሄን ጨው ያስያዘው? ለኔ የሚመጣው ግማሹ ብል የበላው ምንጣፍ ነው የሚመስለው» አለ። ባለቤቴ ነው አልኩት። «ላኪልኝ እባክሽ፣ ሥራ አለኝ» አለ። እሺ አልኩት።

የመስታወት ዓይን ከካርቶን አውጥቶ ምረጪ አለኝ። ቡናማውን መረጥኩ። ያንተ ዓይን ከሱ የጠቆረ ነበር፤ ለምን እንዳወዳደርኩት አላውቅም።

ራሱንና አንገቱን ማድረቁ፣ መሙላቱና መስፋቱ ብዙ ወር ፈጀ። ሲያልቅ ደግሞ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። በመጨረሻ እንጨት ሳጥን አሠርቼ፣ ጭድ ሞልቼ፣ በጭነት መኪና ጋቢና አብሬው መጣሁ። አንድ ኬላ ላይ ሳጥኑን አስከፈቱኝ። አንዱ ፈታሽ ጭዱን ገለጥ ሲያደርግ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ወደ ኋላ ዘለለ። ጓደኞቹ «አይዞህ፣ አይነክስም!» ብለው ሳቁበት። የፈቃዱን ወረቀት ሰጠሁት። «ጌታቸው ታከለ ማነው?» አለ። ባሌ ነው አልኩት። «የታለ እሱ?» አለ። ቀድሞኛል አልኩት። ክዳኑን እሱ ራሱ በጥንቃቄ መትቶ ዘጋልኝ።

አምባ ጊዮርጊስ የደረስኩት በዋዜማው ቀትር ላይ ነው። አያ ታከለ በዚህ አንድ ዓመት ብዙ አርጅተዋል። አጋዘኑን ከሳጥኑ ስናወጣው ቀንዱን ከሥሩ ጀምረው ጥምዝምዙን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ጫፉ ዳሰሱት። «ሸጋ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ሸጋ ነው፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ከፎቶግራፍህ ጎን የሚቆምበትን ቦታ አሳዩኝ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ እንደሚፎክሩልህ፣ ፉከራውን ዓመት ሙሉ ሲያስቡት እንደቆዩ ነገሩኝ።

ያኔ አልቻልኩም። ትናንት ጠዋት ቄሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ከጓሮው ካብ አጠገብ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ረቡዕ መደወልህን፣ ነገ ልነሳ ማለትህን፣ ቆዳው እስኪደርቅ ቆይ ማለቴን።

«ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉ።

«ዛሬ ሊፎክሩለት ነው። አደን ነው የገደለው ብለው እንዳይፎክሩ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ «ሲነግርሽ ሳቀ አልሽኝ?» አሉ። አዎ፣ ሳቀ አልኳቸው። «ሲያመው ይስቃል። ከልጅነቱ እንዲያ ነው» አሉና በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ቤት ገቡ።

ፍትሐቱ ተፈታ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። አጋዘኑ ከፎቶህ ጎን ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ሻሽ አስረውለታል። አልቃሿ ስለ በረሃው፣ ስለ ጥይቱ፣ ስለ ክንድህ አንስታ ሰዉን አስለቀሰችው። ከዚያ «አያ ታከለ! እንግዲህ ይነሱ እንጂ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ተነሱ።

«ልጄ ገዳይ ነው» አሉ። ሰዉ «እሰይ!» አለ።

«ቆይ» አሉ፣ እጃቸውን አንስተው። «እሱ አጋዘን ገደለ። እሱን ግን የገደልኩት እኔ ነኝ። በዚህ ምላሴ። እናንተ ፊት ሰደብኩት፤ ስቃችኋል፤ እሱም ስቋል። ደህና ልጅ ነበር። ሄደልኝ።»

ተቀመጡ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ጠዋት የነገርኳቸውን ሁሉ ውጠው፣ ብቻቸውን ተሸክመው ተቀመጡ።

እኔ ከእሳቸው ሁለት ክንድ ርቄ ነበር። መነሳት ነበረብኝ። «አይደለም፣ አያ ታከለ፣ እኔም አለሁበት» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጭንቅላቴ እንደ ገበያ ቀን ሠራ፤ ልጅ አለችኝ፣ ሥራዬ በእምነት ነው፣ እዚህ የተቀመጠው ግማሹ ቆዳ የሚያቀብለኝ ሰው ነው። ሁሉንም መዝኜ ስጨርስ ጊዜው አለፈ። ከጎኔ ያለች ሴት ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «ተያቸው፣ እርጅና ነው የሚያናግራቸው» አለችኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ጌትዬ፣ ረቡዕ ያልኩህን ባለማወቅ ነው ልል እችላለሁ። ትናንት ራሴን የነቀነቅኩትን ግን ምን እለዋለሁ?

ዛሬ ልንነሳ ስንል አያ ታከለ አጋዘኑን ውሰጂው አሉኝ። እዚህ ማየት አልችልም አሉ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ራሴን ያዙና «ልጅቷን አሳድጊ» ብቻ አሉ። መንገድ ላይ ሰላም «እማ፣ አያቴ ለምን እንደዚያ አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እንዳንተ ዝም አለችና የሳጥኑን ገመድ ማጥበቅ ጀመረች።

አስታውስሃለሁ ብዬ ብጽፍ ለኔ ቀላል ነው፤ ደብተር መያዝ አይቸግረኝም። ለአንተ ግን ይህ አይበቃም። ስለዚህ የምገባልህ ቃል ይኸው። አጋዘኑን ሳሎን፣ ከበሩ ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ። የገባ ሁሉ ማን ገደለው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጌታቸው ታከለ፣ ባሌ፣ በአንድ ጥይት እላለሁ። ከዚያ የጠየቀኝን ሰው አስቀምጬ ስለ ረቡዕ እነግረዋለሁ፤ ቆዳ አቅራቢ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ዘመድ ይሁን። ያቺን እየሳቅህ ያልካትን ቃል ሳልቀንስ፣ የኔንም ቃል ሳላሳምር። ወሬው አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ አባትህ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይሰማሉ።

አስቀድማ የምትሰማው ሰላም ናት። ከጎረቤት ተመልሳ ጓሮ ገብታለች፤ የቧንቧው ድምፅ ይሰማኛል፣ እጇን እየታጠበች ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ልጠራት ነው።

የሺ