አስራ አንድ ለአንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት
ደብተሬ፣ ክስ አለኝ። የጎረቤቴ ፍየል። ገራባ ለምዳለች፤ የጫት ትርፍራፊ ካልቀመሰች አይነጋላትም። ዛሬ የዘይት መጥረጊያ ጨርቄን በላች። መርቅና መሆን አለበት።
ጋራዤ ውስጥ አንድ ሞተር ወርዷል፣ ቴስታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ጠረጴዛ ላይ። የእህቴ ልጅ ኤፍሬም ከጭሮ ጫት ጭኖ ወደ ሚኤሶ ቆላ የሚከንፍበት ፒክአፕ ሞተር ነው። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት፤ ሌላው ጫት ጫኝ ሙክታር ግን እየቀደመ ገበያውን ይነጥቀዋል። «ኤሱማ፣ ቴስታውን አስላጨው። አስራ አንድ ለአንድ ይጭመቅ» አለኝ። የእናቱ ወንድም ነኝና ኤሱማ ነኝ። ቁርስ ብትቀንስ መኪናው ራሱ ይፈጥናል አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ከጤና ጣቢያዋ ነርስ በለመንኩት መርፌ ዘይት እየሰፈርኩ የቴስታውን ጎድጓዳ ለካሁ። አሁን ዘጠኝ ለአንድ ነው፤ የዘጠኝ እጅ አየር ወደ አንድ እጅ ይጨመቃል። ፊቱ ተላጭቶ ከሳሳ ጎድጓዳው ይጠብና አስራ አንድ ይገባል። ጭሮ ላይ የማንኳኳት ድምፅ አያሰማም፤ ደጋ ነው፣ አየሩ ቀጭን። ጉዱ ታች ቆላ ነው። ሙቀት። የጀሪካን ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት። ሲበዛ የተጨመቀ ነዳጅ ቀድሞ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል።
እኛ ደግሞ ሞተር የምንሞክረው በጭሮ ዳገት ነው! አምና አንዱ ቴስታ አስላጭቶ ዳገቱን ወጣ፣ ተጨበጨበለት። ቆላ ላይ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ደርቆ ቀጥ አለ። ከኋላው ከባድ መኪና ነበር። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ዘጠኝ ይበቃሃል ብዬው ተጣላን። ፈሪ ሽማግሌ አለኝ። በደሳ ከተማ ወስጄ አስላጫለሁ ብሎ ዛተ። እሺ፣ አስላጨሁለት። ስገጥም ግን ከቴስታው ሥር የተላጨውን ያህል ወፍራም የመዳብ ጋስኬት፣ ማሸጊያ ዝርግ፣ ከተትኩ። ተመለሰ ወደ ዘጠኝ! አልነገርኩትም።
ዳገቱን ሞከረው። «ኤሱማ፣ ነብር ሆኗል!» ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ነብሩ የቀየርኩለት አዲሱ ፋሻ፣ የፒስተኑ ቀለበት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፣ ከምሳ በፊት
ሳቄ ጠፋ። ኤፍሬም ጫት ተራ ላይ «አስራ አንድ ነኝ» እያለ ሲፎክር ሰንብቷል። ቅዳሜ ሙክታርን ቀደመው። ሙክታር መሰላ ከተማ ሄዶ የራሱን አስላጨ። የሱ እውነተኛ አስራ አንድ ነው። ትናንት ዳገታችን ላይ ሞከረው፣ ድምፅ የለም። ተጨበጨበለት።
የኔ ቀልድ ነው እዚያ ያደረሰው።
ኤፍሬምን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሙክታር ጭኖ ወደ ቆላ ወርዷል አለኝ። ሊያስቆመው ተከትሎት ሄደ። በዘጠኝ አስራ አንድን አይደርስበትም።

ከሰዓት
ሙክታር ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እየነዳ ነው አልኩ ለራሴ። ቀኑ እዚህ እንኳ ይፋጃል።
ወሰንኩ። ጫት ተራ ሄጄ ሁሉም ፊት የእኛ አስራ አንድ ውሸት ነበር እላለሁ። ኤፍሬም ይፈር፣ እኔም ልፈር። እዚያ ሚኤሶ ሰው ያለው አይጠፋም፣ መንገድ ላይ ያስቁምልኝ።
በር ተመታ። ፍየሏ መስላኝ ነበር።
የሙክታር እናት ናቸው። በመስኮት አያቸዋለሁ። እጃቸው ላይ ስልክ አለ። ከደጅ ይጣራሉ፦ «ይህ ልጅ ስልኩን ቤት ረስቶት ሄደ። ያንተ ስም ሲጮህበት ዋለ። ሰላም ነው?»
ልከፍትላቸው ነው። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?