በለስ ወደ ዱባይ

ሰኞ

በአውሮፕላን አይሆንም። ዱባይ ያለችው ደንበኛችን ሳባ ቁርጡን ነገረችኝ፤ የአየር ጭነቱ ተጨምሮበት በፍሪዘር የጠጠረ የቁልቋል በለሳችንን የሚገዛ የለም። ስለዚህ በባሕር። በጅቡቲ በኩል የፍየል ሥጋ የሚልክ ነጋዴ ከማቀዝቀዣ ኮንቴይነሩ አንድ ጥግ ሊያካፍለን ተስማማ። ጥጉ ጠባብ ነው። የሚጫነው ዓርብ ጠዋት።

ማክሰኞ

ከሸሪኬ ከሃፍቶም ጋር ተጨቃጨቅን። እስካሁን ያቀዘቀዝነው ድፍን በለስ ካርቶን ውስጥ ሲደረደር መሃል መሃሉ ክፍት ነው፤ ለባዶ ቦታ ኪራይ ልንከፍል ነው አልኩት። ልጠን ፈጭተን፣ በላስቲክ ጠፍጣፋ አድርገን ብናቀዘቅዘው እንደ ደብተር ይደራረባል። ለሙከራ ጥቂት ሠራሁ።

"በለሱን ሳያይ ማን ይገዛል?" አለ።

እናቱ አደይ ምሕረት ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ "ዝም በሉና ላጡ" አሉን።

ለሳባ የሙከራዎቹን ከረጢቶች ፎቶ ላክሁላት። መልስ የለም። ስልኩን ስንቴ አየሁት።

ረቡዕ

ሳባ መለሰች። የምታስረክበው ለጭማቂ ቤቶች ስለሆነ የተፈጨው ይሻላታል። ሃፍቶም እጅጌውን ሰብስቦ መላጥ ጀመረ። ጣቶቼ እሾህ በእሾህ ሆነዋል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሰፈራችን ሓድነት በሙሉ። ፍሪዘሮቹን ማንም እንዳይከፍት ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩባቸው። ቁጭ ብድግ እላለሁ።

ሐሙስ

መብራት መጣ። ድፍኑ በለስና የማክሰኞዎቹ ከረጢቶች እንደ ድንጋይ ናቸው። ትናንት የፈጨነው ግን ሳይጠጥር ነው መብራት የጠፋበት፤ ሸትቷል።

"መልሶ ይጠጥራል፤ ማን ያውቅብናል?" አለኝ ሃፍቶም።

"እኔ አውቃለሁ" አልኩት።

ተኮራረፍን። ቆይቶ ራሱ ተሸክሞ አወጣና ደፋው። ጥጋችን ባዶ ከሚሄድ ድፍኑን እንጫን አልን። ሳባም "ይሁን፣ እሞክረዋለሁ" አለች። ሐሳብ ያዘኝ።

ዓርብ

ሾፌሩ አያ ካሕሳይ ኮንቴይነሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አላስጭንም ብለው አቆሙን። ሃፍቶም ካርቶኖቹን ፀሐይ እንዳያገኛቸው ሸራ ወጥሮ ቆመ። በመጨረሻ ተጫነ። በሩ ተዘጋ።

ቅዳሜ

አያ ካሕሳይ ከአፋር ደወሉ። "ሙቀቱ ለጉድ ነው። ውስጡ ግን እንደጫናችሁት ነው፣ አትስጊ።"

ተነፈስኩ። መርከቡ ገና ይቀራል።

ሃፍቶም ከእናቱ ጋር ሊወጣ ሲል የት ነው አልኩት።

"ገበያ። ለሚቀጥለው ጭነት በለስ እናያለን። አሁን ሁሉንም ነው የምንፈጨው።"

"መጀመሪያ ይሄኛው ይድረስ እንጂ" አልኩ።

ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳቸው።