የበርዎ ቀለም ሳይደበዝዝ

ቮይ፣ ኬንያ፣ ቅዳሜ፣ ማርች 9 ቀን 2024

ለምወድህ ለምዋዲሜ፣ ለምጎይ አባት፤

እጅህ ዳነልህ ወይ? ከሰላምታው በፊት ይህን የምጠይቅህ፣ እዚያ ዓረብ አገር ክሊኒክ ውስጥ ቁስልህን ያሰረችልህ ነርሷ ሳውሙ ለእረፍት መጥታ ሁሉንም ስለነገረችኝ ነው። ሹፌር ትሆናለህ ብለው ወስደው በረሃ ላይ ግመል እንደሚያስጠብቁህ፣ ፓስፖርትህንም ስልክህንም እንደያዙብህ፣ ከመክሳትህ የተነሣ ሱሪህን በገመድ እንደምታስር ሳይቀር ነግራኛለች። ሰኞ ስትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ትሰጥሃለች።

እኛ ደህና ነን። የልጃችን የምጎይ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ነው የምትመስለው። የሞምባሳው ባቡር በመጣ ቁጥር «አባባ በዚህ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። በአውሮፕላን ነው ብላትም አትሰማኝም። እኔም አንዳንዴ እጇን ይዤ ጣቢያው ድረስ እወስዳታለሁ፤ የሚወርዱትን ሰዎች አይተን እንመለሳለን። ናፍቀኸኛል። ካሳቫና ቦሎቄ ቀቅዬ ኪማንጋ ስሠራ እስካሁን ለሦስት ሰው ነው የምሠራው፤ ያንተን ድርሻ ዶሮዎቹ ይበሉታል።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልግባ።

በሥራዬ ስትቀልድ «ሚስቴ ለማታውቃቸው ሰዎች ወረፋ ትይዛለች» ትል ነበር። እውነትህን ነው። ሰው ስልኩ ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ የደንበኛው ገጽ ከሁሉ በላይ እንዲወጣ የሚያደርግ ጽሑፍ ነው የምጽፈው። ሥራውን የሚልክልኝ ናይሮቢ ያለው ጊቶንጋ ነው፤ እሱም ከድርጅቶች ተቀብሎ ለእኛ ያከፋፍላል። ለማን እንደምንጽፍ ለማንም እንዳንናገር ፈርመናል።

ያን እሑድ ምሳ ላይ ታስታውሳለህ? ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ስትፈልግ ከላይ የወጣልህን ገጽ ጮክ ብለህ አነበብክልኝ። «ሁለት ዓመት ማለት የበርዎ ቀለም ሳይደበዝዝ የሚያልፍ ጊዜ ነው።» ከዚያ ሰማያዊ የቀባኸውን በራችንን ዞር ብለህ አየህና ሳቅክ።

«ይሄን የጻፈው የኛ ሰው መሆን አለበት» አልከኝ። «ሌሎቹ እንደ ቢሮ ነው የሚያወሩት፤ ይሄኛው እንደ ሰው ያወራል።»

ምዋዲሜ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራችንን እያየሁ ነው የጻፍኩት።

ዝም ያልኩት ስለፈረምኩ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ከረምኩ። ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው። ጽሑፌን ስታደንቅ ሰምቼህ አላውቅም ነበርና ትንሽ ልቆይበት ብዬ ነው። ሌላም ነገር አለ። ስለ ድርጅቱ «ፈቃዱ የታደሰ» የሚል ቃል እንድጨምር ስታዘዝ ጊቶንጋን እውነት መሆኑን ጠይቄው ነበር። «ደንበኛው ነው ያለው፤ አንቺ ከላይ አውጪው እንጂ ምን አገባሽ?» አለኝ። እኔም ጠይቄያለሁ ብዬ ተውኩት። አንተ ስትፈርም ይህን እያወቅሁ አጠገብህ ቆሜ ነበር።

ማክሰኞ በዚህ ድርጅት በኩል የሄዳችሁ የአሥራ አንዳችሁ ቤተሰቦች ሞምባሳ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተጠራን። የድርጅቱ ሰውዬ «እኛ ጽሑፍ አንጽፍም፤ ለውጭ ባለሙያ ሰጥተን ነው ያሠራነው» አለ። ጊቶንጋም መጥቶ ነበር፤ «እኛ አከፋፋይ ነን፤ ቃሉ የጸሐፊው ነው» አለ። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ንዱኩ መነጽሯን አወለቀች።

«ጸሐፊውስ ማነው?»

«ከየቤታቸው የሚሠሩ ብዙ ናቸው፣ እመቤቴ። ማን ምን እንደጻፈ አንይዝም።»

«ታዲያ ውሸቱ በራሱ እግር ነው የመጣው?»

ጊቶንጋ በስልክ እንጂ በመልክ አያውቀኝም፤ ሁለት ወንበር አልፎ ነበር የተቀመጠው። ተነሣሁና «እኔ ነኝ» አልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ማንዳዚዋን ቆርሳ ያጎረሰችኝ የምካምቡሪ እናት ቦርሳዋን ከአጠገቤ አንሥታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ባሏ ካንተ ጋር ነው የሄደው፤ አልፈርድባትም።

ስልኬን ከፍቼ መልእክቶቹን ለወይዘሮ ንዱኩ ሰጠኋት። ጥያቄዬም የጊቶንጋም መልስ እዚያው አለ። ከድርጅቱ የመጣውን ትእዛዝም እንዳለ ነበር የላከልኝ፤ «ፈቃዱ እስኪታደስ ድረስ ታድሷል በሉት» ይላል። ጮክ ብላ አነበበችው። ድርጅቱ በስድሳ ቀን ውስጥ ሁላችሁንም እንዲመልስ ታዟል፤ ይፈጽም አይፈጽም ገና አላውቅም። በእኔም ላይ ፋይል ተከፍቷል። «መናገርሽ ጥሩ ነው፤ ነጻ ነሽ ማለት ግን አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል፤ እሱም ልክ ነው።

ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው። ሥራውን ትቼዋለሁ፤ ከእህትህ ጋር ገበያ ላይ ቲማቲም እሸጣለሁ። ስትመጣ ወደዚህ ቤት ትገባ ወይም ወደ እናትህ ትሄድ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቅህምም። ምጎይ ግን ጣቢያው ላይ ትቀበልሃለች። እኔን ካላየኸኝ፣ ራቅ ብዬ ቆሜ ነው።

በሩ ደብዝዟል። ከሄድክ ገና አሥራ አራት ወርህ ነው። ወንድምህ ልቀባልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ እንዳለ እንድታየው ነው።

እግዚአብሔር ከፀሐዩም ከሰዉም ይጋርድህ። እጅህን ይጠግንልህ፣ መንገድህን ወደ ልጅህ ያቅናልህ።

ይህን ደብዳቤና ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት፣
ዋኬሾ